ከልስኑ በስተጀርባ

የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት የብቃት ወረቀት በኪሱ የያዘ ኤሌክትሪክ ሠሪ አንድ ቤት ገብቶ ሥራውን አበላሽቶ ቢወጣ የተበደለው ማን ነው? ከፋዩ ባለቤት ብቻ ነውን? ባለቤቱስ «ተወው፣ እግዜር ይይለት» ብሎ ነገሩን ቢያልፈው ጨዋ ይባላል ወይስ ጥፋተኛ?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የቆጣሪና የሽቦ፣ የሶኬትና የአምፖል ጉዳይ ይመስላል። «እንዴ! ስለ ፍትሕና ስለ ሰው ልጅ ዕጣ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ሽቦ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዳሩ ግን ፍትሕ አደባባይ ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። በየሰዉ ጓዳ፣ በየግድግዳው ውስጥም ይገኛል፤ ወይም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። እስቲ የተቀበረውን ትንሽ እንቆፍረው።

አናጢ የሠራው በር ቢጎብጥ ዓይን ያየዋል። ልብስ ሰፊ እጅጌውን ቢያሳጥር ባለቤቱ በለበሰው ደቂቃ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሥራ ግን ሁለት ጊዜ የተሰወረ ነው። አንደኛ፣ ኮረንቲ ራሱ አይታይም፣ አይሸትም፣ ድምፅ የለውም። ሁለተኛ፣ ሽቦው ቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ ልስን ተመርጎበት፣ ቀለም ተቀብቶበታል። ባለቤቱ የሚያየው አምፖሉን ብቻ ነው። አምፖል ደግሞ በጥሩም በመጥፎም ሥራ እኩል ይበራል።

ምሳሌ እንውሰድ። በየቤታችን ካሉት ዕቃዎች ኮረንቲ በብዛት ከሚጠጡት አንዱ የእንጀራ ምጣድ ነው። 3500 ዋት የሚፈልግ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ ወደ 16 አምፔር ይስባል። በዚያው መስመር ላይ ባለ 2000 ዋት ምድጃ ቢጨመር ድምሩ 25 አምፔር ይደርሳል። ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይህን የሚሸከም ጫንቃ የለውም። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በኮረንቲው ካሬ ነው፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብሬከር የሚባለው ዕቃ የተፈጠረውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ብሬከር ምጣዱን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫን መስመሩን ይቆርጣል።

እንግዲህ አንዲት እናት ምጣዱንና ምድጃውን አብረው ባበሩ ቁጥር ብሬከሩ እየጣለ አስቸገራቸው እንበል። ባለሙያ ይጠራሉ። ትክክለኛው መድኃኒት ለምጣዱ ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ካሬ፣ መዘርጋት ነው። ይህ ግድግዳ መሰርሰር አለበት፤ አቧራ አለው፤ ቀን ይፈጃል፤ ገንዘብ ያስወጣል። አቋራጩ ደግሞ ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር ነቅሎ ባለ 32 መትከል ነው። አንድ ካቻቢቴና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይጥልም። እናትም «ተባረክ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው፣ ቡና አጠጥተው ይሸኙታል። ምን ተደረገ? ሌባ ሲያይ የሚጮኸው ውሻ «ጩኸቱ አስቸገረን» ተብሎ አፉ ታሰረ። ሽቦው ግን እዚያው ልስኑ ውስጥ በየጋገሩ ቁጥር እየጋለ፣ የፕላስቲክ ሽፋኑ ቀስ በቀስ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይኖራል። አንድ ዓመት? አምስት ዓመት? ቀኑን የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይብሳል። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ላይ አንደኛው ቀዳዳ የመሬት ነው፤ ሠራተኞቹ ግራውንድ ይሉታል። ማቀዝቀዣው ወይም የልብስ ማጠቢያው ተበላሽቶ ብረቱ ኮረንቲ ቢይዝ፣ ኮረንቲው በሰው ገላ በኩል ሳይሆን በዚያ ሽቦ በኩል እንዲወርድና መስመሩ ወዲያው እንዲቆረጥ የተደረገ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ታዲያ የመሬት ሽቦ ሳይዘረጋ ይቀርና፣ ሶኬቱ ውስጥ በጣት በምታክል ሽቦ የመሬቱን ጥፍር ከኒውትራሉ ጋር ያገናኘዋል። ተራ ቴስተር ሲሰኩበት መብራቱ «ሁሉም ደኅና ነው» ይላል። ባለቤቱ አየ፣ ደስ አለው፣ ከፈለ። አንድ ቀን ግን ኒውትራሉ ከመገናኛው የላላ ወይም የተበጠሰ እንደሆነ፣ የማቀዝቀዣው እጀታ 220 ቮልት ይዞ ሰው ይጠብቃል። የሰው እጅ የጨበጠውን መልቀቅ እንዲያቅተው ደግሞ 10 ሚሊአምፔር ገደማ ይበቃል፤ ይኸውም የአንድ አምፔር መቶኛ ማለት ነው።

ሁለቱ ምሳሌዎች በሥራ ደረጃ መጥፎ ናቸው፤ በግብረ ገብ ሚዛን ግን እኩል አይመዝኑም። ብሬከሩን የቀየረው ሰው ምናልባት ስለ ሽቦ ልክ የሚያውቀው አንሶ ይሆናል፤ ምናልባት ቸኩሎ ይሆናል፤ ምናልባትም ባለቤቷ «ግድግዳዬን አትንካብኝ» ብለው ይሆናል። ይህ ሁሉ ነጻ ባያወጣውም ያስረዳለታል። ያቺን አጭር ሽቦ ቆርጦ፣ ልጦ፣ ከሶኬቱ ጀርባ ያሰረው ሰው ግን ምን ይላል? ማንም ሰው ተሳስቶ ያቺን ሽቦ አያስርም። ያቺ ሽቦ የተሠራችው ለቤቱ አይደለም፤ ለቴስተሩ ናት። ምርመራ እንደሚመጣ አውቆ፣ ምርመራውን ራሱን ውሸት እንዲናገር አሠልጥኖታል።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ግላውኮን ስለ አንድ የልድያ እረኛ የሚተርከው ታሪክ አለ። እረኛው አንድ ቀለበት አገኘ፤ ፈርጡን ወደ ውስጥ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። በዚህ ተሰውሮ ንጉሡን ገድሎ መንግሥቱን ወሰደ። ግላውኮን የሚጠይቀው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ ቀለበት ቢሰጠው ጻድቅ ሆኖ የሚቀር ማን ነው? እኛም ይህን በክፍል ውስጥ ስንሰማ ተረት ነው ብለን እናልፋለን። ተረት አይደለም። ልስን ቀለበቱ ነው። ኤሌክትሪክ ሠሪ በየዕለቱ ሥራውን ጨርሶ ልስን ሲመርግበት ፈርጡን ወደ ውስጥ እያዞረ ነው። ዓይን የማያየውን መገናኛ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው ወይም በስካቶላ ውስጥ በደንብ ማሰር፣ ማንም የማይመሰክርለት ምርጫ ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ውስጥ ብልሃትና ሕሊና ተለያይተው የሚቆሙ ሁለት ነገሮች አይደሉም። ሕሊና የሌለው እጅ ብልሃቱ ለመደበቅ ብቻ ይውላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የብቃት ማረጋገጫ ለምን ተፈለገ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኤሌክትሪክ ሥራ ለሚሰማሩ ባለሙያዎች ብቃታቸውን መዝኖ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያደረገበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ሊመዝናቸው ስለማይችል ነው። ወረቀቱ ለባለቤቱ እንዲህ ይለዋል፦ «አንተ አታውቅም፤ አጠገቡ ቆመህም አይጠቅምህም፤ እኔ አይቼልሃለሁና ሂድና ሥራህን ሥራ።» ፈቃድ የሌለውን የሰፈር ጎረምሳ ያስገባ ሰው ዓይኑን አይነቅልም፤ ይጠራጠራል፤ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። ፈቃድ ያለውን ያስገባ ግን ዓይኑን ጨፍኗል፤ የጨፈነውም ሞኝ ሆኖ ሳይሆን ጨፍን ስለ ተባለ ነው።

ስለዚህ ነው ፈቃድ ያለው ሰው ጥፋት ከሌለው ሰው ጥፋት የሚከብደው። ፈቃድ የሌለው የራሱን ስም ነው የሚያጠፋው። ፈቃድ ያለው ግን የራሱ ያልሆነ ነገር፣ የሕዝብን አመኔታ፣ ተውሶ ገብቷል። በእኛ አገር ቋንቋ ለዚህ ያለው ስም አደራ ነው፤ አጥፊውም አደራ በላ ይባላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2031 በሙያ ሥራ ላይ ስለሚደርስ ጥፋት ለብቻው ደንግጓል፤ በአንድ ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል። ሕጉ የሰውየውን መልካም ፈገግታ አይጠይቅም፤ የሙያውን ደንብ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማምለጫ አለ። እሱንም ፕላቶ አስቀድሞ አይቶታል። በዚያው መጽሐፍ አንደኛ ክፍል ትራሲማከስ የሚባለው ተከራካሪ፣ ባለሙያ በባለሙያነቱ አይሳሳትም፣ የተሳሳተ ጊዜ ባለሙያ መሆኑ ቀርቷል ይላል። የሙያ ጓደኞችም ዛሬ ይህንኑ ይሉናል፦ «ኧረ እሱ ኤሌክትሪክ ሠሪ አይደለም! የኛን ስም አታንሳ።» ለክርክር ያምራል። ግን ወረቀቱ እንደ ሆነ አሁንም የሰውየው ኪስ ውስጥ ነው፤ ነገም ሌላ በር ያንኳኳበታል። በቃል ከሙያው ያስወጡትን ሰው በተግባር ካላስወጡት ወይም ካላረሙት፣ ንግግሩ እጅን መታጠቢያ ብቻ ነው። ሶቅራጥስ በዚሁ ክርክር ላይ የሚሰጠው መልስ ይበልጥ ይጠቅመናል። ሕክምና የሚመለከተው የበሽተኛውን ጥቅም ነው፤ ሐኪሙ ደመወዝ የሚያገኝበት ጥበብ ሌላ ነው ይላል። በእኛም ነገር ላይ ያው ነው። ሰውየው ሁለት ሙያ ይዞ ነው የገባው፤ አንደኛው ለቤቱ የሚሠራበት፣ ሁለተኛው ገንዘቡን የሚቀበልበት። ሁለተኛው ያስፈልጋል፤ ልጅ ያሳድግበታል። ሁለተኛው አንደኛውን የዋጠው ቀን ግን የተሸጠው ሥራ ሳይሆን የሥራ መልክ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ባለቤቱ ምን ያድርግ?

በአገራችን የተለመደው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ በይሉኝታ ይተወዋል። «የድሃ እንጀራ አልዘጋም፤ ሌላ ሰው አምጥቼ አሠራለሁ።» ግማሹ ደግሞ በየቡናው ላይ ስሙን እያነሳ ያማዋል፤ ለሰውየው ግን አንድም ቃል አይነግረውም። የመጀመሪያው ቸርነት ይመስላል፤ ሁለተኛው ቁጣ ይመስላል። በውጤት ግን አንድ ናቸው፤ ሰውየው ምንም ሳይሰማ፣ ምንም ሳይማር፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ቤት ይገባል።

ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰው ይቅር ማለት የሚችለው የራሱን ነው። የከፈልኩትን ገንዘብ ይቅር ልል እችላለሁ፤ የባከነ ቀኔን ይቅር ልል እችላለሁ። የማላውቀው ሰው ልጅ የማቀዝቀዣውን እጀታ ሲጨብጥ የሚደርስበትን ግን በምን ሥልጣኔ ነው ይቅር የምለው? ያልተሰጠኝን መስጠት ነው። ጉድለቱን ያየ ሰው፣ ፈለገም አልፈለገም፣ ከተበዳይነት ወደ ምስክርነት ተሸጋግሯል። ተበዳይ ዝም የማለት መብት አለው፤ ምስክር ግን የለውም።

«እንጀራውን ልዘጋ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም፤ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ብዙው ኤሌክትሪክ ሠሪ የቀን ሠርቶ የማታ የሚበላ ሰው ነው። ግን እንጀራ ያለው እሱ ብቻ አይደለም። ግድግዳ ሰርስሮ ወፍራም ሽቦ የሚዘረጋው ሐቀኛው ባለሙያ ዋጋው ውድ ስለሚሆን፣ በአምስት ደቂቃ ብሬከር የሚቀይረው እየተጠራ እሱ ሥራ ፈት ይሆናል። ዝም ስንል የአንዱን እንጀራ አዳንን ብለን የሌላውን፣ ያውም የሐቀኛውን፣ እንዘጋለን። ይህ ለድሃ ማዘን አይደለም።

የባለቤቱም ድርሻ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ዋጋ በግማሽ እስኪወርድ ተከራክሮ፣ ከመርካቶ ርካሹንና ቀጭኑን ሽቦ ራሱ ገዝቶ አምጥቶ፣ «በዚህ ሥራልኝ፣ ነገ ይለቅ» ያለ ሰው፣ በኋላ ተበደልኩ ሲል ግማሽ እውነት ነው የሚናገረው። ባለሙያው «በዚህ ሽቦ አልሠራም» ማለት ነበረበት፤ ወረቀቱ እምቢ የማለት ግዴታንም ሰጥቶታልና። ግን እምቢ ያለውን ሰው «ይኼ ደግሞ ይኮራል» ብለን አሰናብተን እሺ ባዩን ካመጣን፣ የመረጥነውን ነው ያገኘነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን? ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። መጀመሪያ ሰው ይዳን፦ አጠራጣሪው መስመር ከብሬከሩ ይጥፋ፤ ሰው እንዳይነካው በቤቱ ላሉት ሁሉ፣ ለተከራይም ለቤት ሠራተኛም ይነገር። ሁለተኛ፣ ሌላ ባለሙያ ይየው፤ የታየውም በፎቶግራፍና በጽሑፍ ይያዝ፤ ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ አይደለምና፣ ሐቀኛን ሰው በጥርጣሬ ማዋረድም ሌላ በደል ነው። ሦስተኛ፣ ሰውየው ራሱ ይጠራና ፊት ለፊት ይጠየቅ። «ወንድሜ፣ ይህን አየሁ፤ አንተ ምን ትላለህ?» መባል መብቱ ነው። አላዋቂ ከነበረ ይማራል፤ ቸኩሎ ከነበረ በራሱ ወጪ ያርማል። ከ3700 ዓመት በፊት ባቢሎንን የገዛው ሐሙራቢ እንኳ በሕጉ ቁጥር 233፣ ግንበኛ የሠራው ግድግዳ ሊወድቅ ካዘመመ በራሱ ገንዘብ እንዲያጠነክረው አዟል። ከዚያ በፊት ባሉት ቁጥሮች ሰው ለገደለ ቤት ሞትን የሚፈርድ ጨካኝ ሕግ ነው፤ በዚህች ቁጥር ግን ሰው እስኪሞት አልጠበቀም። አራተኛ፣ ሰውየው «አላርምም» ካለ፣ ወይም የተገኘው ያቺ ቴስተርን የምታታልለው ሽቦ ከሆነች፣ ነገሩ ወረቀቱን ለሰጠው አካል በጽሑፍ ይቅረብ። ወረቀቱ የተሰጠው በሕዝብ ስም ነው፤ መታገዱም መነጠቁም በሕዝብ ስም ይመርመር። ይህ ጥቆማ ሳይሆን አደራ መመለስ ነው።

«ቢከሰስስ ማን ይሰማል? ጉልበት መጨረስ ነው» የሚል አለ። ላይሰማም ይችላል። ግን አስተውሉ፤ ይህን የሚለው ሰው ብሬከሩን በ32 የቀየረውን ሠሪ ነው የሚመስለው። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ዕቃ ድምፁ ስለማይወደድ ወይም ስለማይሰማ ዝም ይበል ማለቱ ነው። አቤቱታ የአንድ አገር ብሬከር ነው። ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ስብሰባ ያቋርጣል፤ ሹም ያስቆጣል። እሱ ዝም ያለ ቀን ግን ሽቦው አልበረደም።

ስለ እጅ ሥራ ያለን ንቀትም በዚህ ነገር ውስጥ እጁ አለበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው ስም እየተጠራ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ዛሬ ቀንሶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አለ። ኤሌክትሪክ ሠሪውን ስናስገባ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ሥራው አንጠይቀውም፤ ስለ ሽቦው ልክ ሊያስረዳን ሲጀምር «ገባኝ ገባኝ፣ ብቻ ይብራልኝ» እንለዋለን። ሥራውን ያላከበርንለት ሰው ሥራውን ባያከብር ምን ይገርማል? ጥፋቱን አጥብቆ መጠየቅም ማክበር ነው። ከናቁት ሰው ማንም ጥሩ ሥራ አይጠብቅም።

በመጨረሻም ነገሩ ወደኛ ወደ ተማሪዎቹ ይመጣል። ጥቂት ዓመት ቆይተን እኛም ማኅተም ያለበት ወረቀት እንቀበላለን። አንዱ መምህር፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ የሒሳብ ሹም፣ አንዱ መሐንዲስ ይሆናል። የያንዳንዳችን ወረቀት ለማናውቀው ሰው «ዓይንህን ጨፍን፣ እኔ አለሁልህ» ይለዋል። የያንዳንዳችንም ሥራ ልስን አለው፤ ሐኪሙ የሚጽፈው በሽተኛው በማያነበው ቋንቋ ነው፤ የሒሳብ ሹሙ መዝገብ ውስጥ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው፤ መምህሩ ሳይዘጋጅ የገባበትን ክፍለ ጊዜ ተማሪው ለይቶ ላያውቀው ይችላል። ፈተና ለማለፍ ብቻ የሸመደድነው ትምህርት ራሱ ያቺ አጭር ሽቦ አይደለችምን? ቴስተሩ «አለ» ይላል፤ መሬት ግን የለም።

ስለዚህ ክርክሩን ከኤሌክትሪክ ሠሪው እንጀምር እንጂ እሱ ላይ አንጨርሰው። ቤታችን ወይም የተከራየነው ክፍል ውስጥ የተበላሸ መስመር ካለ፣ በይሉኝታ አንለፈው፤ አጥፍተን፣ አስመርምረን፣ ሰውየውን ጠይቀን፣ ካስፈለገም ጽፈን እናመልክት። ነገ እኛ ልስን ስንመርግ ደግሞ ያው ጥያቄ እንዲጠየቀን ከአሁኑ እንፍቀድ። ጠያቂው ሲመጣም «ምን አገባህ?» አንበለው፤ ያገባዋል፤ በዚያ ቤት የሚያድረው እሱ ነውና።